የተዘጋ የሐሞት ቱቦ ያለ ቀዶ ጥገና እንዴት ይከፈታል?

የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን በአገራችን መጀመሪያ የሚነሳው ስም «የወፍ በሽታ» ነው። ስሙ አንዴ ከተነሳ ሁሉም ነገር በጉበት ይሳበባል፤ የሚጠጣ ቅጠል ይፈለጋል፣ ቅባት ይከለከላል፣ ቤተሰብም «ይለቀዋል» እያለ ሳምንታት ይቆጥራል። አንዳንዴ እውነትም ይለቃል። አንዳንዴ ግን የሚቆጠረው እያንዳንዱ ሳምንት በሽተኛውን ይጎዳዋል። ምክንያቱም ከቢጫነት በስተጀርባ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ጉበቱ ራሱ ሲታመም፣ ለምሳሌ በሄፓታይተስ ቫይረስ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ጉበቱ ሥራውን እየሠራ፣ ያመነጨው ሐሞት መውጫ ሲያጣ የሚከሰት ነው። በዚህኛው ጊዜ ችግሩ የመተላለፊያ ችግር ነው። ቱቦው እስኪከፈት ድረስ የትኛውም ቅጠልና ኪኒን አያድነውም።

ይህን ቱቦ ሆድ ሳይቀደድ፣ በአፍ በገባ መሣሪያ መክፈት ይቻላል። ሐኪሞች ኢአርሲፒ ይሉታል። ከተራ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖርም ውስብስብነቱም አደጋውም ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሊደረግለት የተቀጠረ ሰውም ሆነ አስታማሚው ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰውነታችን አሠራር እንጀምር። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። በሐሞት ውስጥ ቅባትን ለመፍጨት የሚረዱ ጨዎች፣ ኮሌስትሮልና ቢሊሩቢን አሉ። ቢሊሩቢን ዕድሜያቸውን ከጨረሱ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚገኝ ቢጫ ውጋጅ ነው። ሐሞቱ በጉበት ውስጥ በተሰራጩ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች ይጓዛል። ከተራራ የሚወርዱ ጅረቶች እየተጋጠሙ ወንዝ እንደሚሆኑ ሁሉ እነዚህም እየተገናኙ በመጀመሪያ የቀኝና የግራ ሁለት ቱቦዎች፣ ቀጥሎም አንድ ዋና ቱቦ ይሆናሉ። የሐሞት ከረጢት በዚህ መንገድ ጎን ያለች፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ማጠራቀሚያ ናት፤ ቅባት ያለበት ምግብ ስንበላ ተኮማትራ የያዘችውን ትለቃለች። የዋናው ቱቦ ስፋት በጤነኛ ጎልማሳ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዕድሜ ሲጨምር ወይም ከረጢቷ በቀዶ ጥገና ስትወጣ ደግሞ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል።

ዋናው ቱቦ ወደ ታች ወርዶ በቆሽት ራስ በኩል ያልፋል። ከዚያም ከቆሽት ቱቦ ጋር ይገናኝና በትንሹ አንጀት መነሻ ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ጉብታ በኩል ይከፈታል። ጉብታዋ ፓፒላ ትባላለች። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ አብርሃም ፋተር በ1720 ስለገለጻት በእርሱ ስም ትጠራለች። መውጫዋን የሚከፍትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አላት፤ እርሱን ያጠናው ደግሞ በ1887 ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ጣሊያናዊው ሩጄሮ ኦዲ ነው። ሐሞትና የቆሽት ጭማቂ በዚህች አንዲት መውጫ እንደሚወጡ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የሕክምናው ጥቅምም አደጋውም ከዚህ ይነሳል።

ቱቦውን በብዛት የሚዘጋው ጠጠር ነው። አብዛኛው ጠጠር የሚሠራው ከረጢቷ ውስጥ ነው፤ በዚያው ለዓመታት ያለ ሕመም ሊቀመጥ ይችላል። ወደ ዋናው ቱቦ ሾልኮ ከወረደ ግን ታሪኩ ይለወጣል፤ ሐሞቱን ያግዳል፣ ታች ድረስ ወርዶ ፓፒላዋ ላይ ከተቀረቀረ ደግሞ የቆሽትንም መውጫ ዘግቶ ቆሽትን ያስቆጣል። ሁለተኛው ምክንያት ዕጢ ነው። የቆሽት ራስ ካንሰር ቱቦውን ከውጭ ይጫነዋል፤ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ከውስጥ ያጠበዋል። ሦስተኛው ጠባሳ ነው። የሐሞት ከረጢት ሲወጣ ቱቦው ሳይታወቅ ተጎድቶ ሊጠብ ይችላል፤ ቱቦዎችን እዚህም እዚያም የሚያጠብ የረጅም ጊዜ ብግነትም አለ።

በእኛ አካባቢ ችላ የማይባሉ ሌሎች እንግዶችም አሉ። አንዱ ወስፋት ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ይህ ትል አንዳንዴ በፓፒላዋ በኩል ወደ ሐሞት ቱቦ ሽቅብ ይገባል። በካሽሚር ሐኪሞች ይህን በብዛት አይተው በሰፊው ጽፈውበታል፤ ወስፋት በብዛት በሚገኝበት አገር ሁሉም ሊያጋጥም የሚችል ነው። ሌላው በጉበት ላይ የሚያድገው የሃይዳቲድ ከረጢት ነው። ይህ በሽታ ከውሾችና ከከብቶች ጋር በቅርበት በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ በደቡብ ኦሞም ጭምር የታወቀ ነው። ከረጢቱ ወደ ቱቦው ሲፈነዳ ሽፋኖቹ መንገዱን ይዘጋሉ። ትሉንም ሽፋኖቹንም በኢንዶስኮፒ ስቦ ማውጣት ይቻላል።

መዘጋቱ ራሱን የሚገልጥበት መንገድ አለ። ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ሰውነት ሌሊት ሌሊት ክፉኛ ያሳክካል። የዓይነ ምድሩ መንጣት ቁም ነገር አለው፤ ቡናማ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ወደ አንጀት እየደረሰ እንዳልሆነ ይናገራል። ጠጠር ከሆነ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚመላለስ ኃይለኛ ሕመም ይኖራል። ዕጢ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ቢጫነቱ ያለ ሕመም ቀስ እያለ ይመጣል፤ ክብደትም ይቀንሳል። ሕመም የለም ብሎ መዘናጋት የሚጎዳው በተለይ እዚህ ላይ ነው።

ቢጫነት፣ በቀኝ በኩል የሚሰማ የሆድ ሕመምና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት በአንድ ላይ ከመጡ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል። ይህን ጥምረት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1877 ገልጾታል። ትርጉሙ በታገደው ሐሞት ውስጥ ባክቴሪያ ተራብቷል፣ ግፊቱም ወደ ደም እየገፋው ነው ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ ነገር ግን መግል ያዘለ ቱቦ ተዘግቶ ሳለ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በሽተኛው ከተዘባረቀና የደም ግፊቱ ከወረደ ደግሞ ጊዜው በሰዓታት ይቆጠራል።

ኢአርሲፒ በዚህ ላይ ያመጣውን ለውጥ እንደ ሆንግ ኮንጉ ጥናት አጥርቶ የሚያሳይ ጥቂት ነው። በ1992 የታተመው ይህ ጥናት በጠጠር ምክንያት በከባድ የቱቦ ኢንፌክሽን የተያዙ 82 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቱቧቸው በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ተከፈተላቸው፤ ግማሾቹ በኢንዶስኮፒ። በቀዶ ጥገና ከታከሙት 32 በመቶ ሞቱ፤ በኢንዶስኮፒ ከታከሙት 10 በመቶ። የታመመውን አካል ተጨማሪ ቁስል ሳያቆስሉ ግፊቱን ማስተንፈስ ይህን ያህል ሕይወት ያተርፋል።

መሣሪያው እዚህ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ባዚል ሂርሾዊትዝ በአሜሪካ ሚሺጋን በ1957 ብርሃንን በቀጭን የመስታወት ክሮች የሚያስተላልፍ ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ ለሕክምና አዋለ። በ1968 ዊሊያም ማኩን የተባለ የዋሽንግተን ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፓፒላዋን አግኝተው፣ ቀጭን ቱቦ ከትተው፣ በራጅ የሚታይ ቀለም ረጩባት። የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች ያለ ቀዶ ጥገና በፊልም ላይ ታዩ። ጃፓናውያን ወዲያው ወደ ጎን የሚያይ ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ መሣሪያ ሠርተው ዘዴውን አስተካከሉት። አልትራሳውንድም ሲቲ ስካንም ገና ባልተስፋፉበት በዚያ ዘመን ቱቦውን ማየት መቻሉ ብቻ ታላቅ ነገር ነበር።

ከማየት ወደ ማከም የተሻገሩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በጀርመን ኤርላንገን ማይንሃርድ ክላሰንና ሉድቪግ ዴምሊንግ፣ በጃፓን ኪዮቶ ደግሞ ኬይቺ ካዋይ፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ሽቦ የፓፒላዋን ጡንቻ መቁረጥ ጀመሩ። የሁለቱም ሥራ በ1974 ታተመ። መውጫዋ ስትሰፋ ጠጠሩ ሊወጣ ቻለ። በ1979 ኒብ ሶሄንድራ በሃምቡርግ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ሐሞት የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ማስቀመጥን አስተዋወቀ፤ ዛሬ ስቴንት የምንለው ነው። በእነዚህ አሥር ዓመታት ውስጥ አንድ የምርመራ ዘዴ የሕክምና ዘዴ ሆነ።

ዛሬ ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። በሽተኛው ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይበላ ይመጣል። ደሙ በትክክል መርጋቱ አስቀድሞ ይመረመራል። ይህ ምርመራ እንዲያው ለደንቡ የሚደረግ አይደለም። ሐሞት ወደ አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ በወጉ አይመጠጥም፤ ያ ቫይታሚን ሲጎድል ደግሞ ደም ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ ቢጫነቱ የቆየ ሰው ከሂደቱ በፊት ቫይታሚን ኬ በመርፌ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በሆዱ ወይም በግራ ጎኑ ከራጅ መሣሪያው ሥር ይተኛል። እንቅልፍ የሚያስወስድ ጥልቅ ማስታገሻ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል።

ኢንዶስኮፑ በአፍ ገብቶ ጉሮሮን፣ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት መነሻ ይደርሳል። ተራው የጨጓራ ኢንዶስኮፕ ወደ ፊት ስለሚያይ እዚህ ላይ አይመችም፤ ፓፒላዋ ያለችው በጎን ግድግዳ ላይ ነው። ለኢአርሲፒ የሚያገለግለው መሣሪያ ካሜራው በጎኑ ነው፤ በጫፉም በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን መሣሪያዎች ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ማንሻ አለው። ሐኪሙ ፓፒላዋን ፊት ለፊት ካገኘ በኋላ ቀጭን ካቴተርና ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው መሪ ሽቦ ይሰድዳል።

የሙያው ፈተና እዚህ ላይ ነው። መግቢያዋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ቱቦዎች ይጠብቃሉ። ሽቦው ወደ ሐሞት ቱቦ መውጣት ሲገባው ወደ ቆሽት ቱቦ ሊገባ ይችላል። ሽቦው በትክክለኛው መንገድ መግባቱ በራጅ ከታየ በኋላ አዮዲን ያለበት ቀለም ይረጫል፤ ቱቦው ከነቅርንጫፎቹ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ጠጠር ቀለሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፣ የጠበበው ቦታም ቀጥኖ ይታወቃል።

ጠጠር ከሆነ ጡንቻው ይቆረጣል። መቁረጫው ሽቦ የሚጓዘው በሰዓት ገጽ ላይ 11 እና 12 በተጻፉበት አቅጣጫ ነው፤ የሐሞት ቱቦው የሚሄደው በዚያ በኩል ነውና የቆሽቱ መውጫ ይተርፋል። ከዚያም በውስጡ ተነፍቶ ጠጠሩን ወደ ታች የሚጎትት ባሉን ወይም ጠጠሩን የሚይዝ የሽቦ መረብ ይገባል። ጠጠሩ ወደ አንጀት ይወድቅና ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በሽተኛው ምንም አያውቅም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያልቃል። ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ትግል አለው፤ መውጫው በሰፊ ባሉን ይለጠጣል፣ ወይም ጠጠሩ በመረብ ተይዞ እዚያው ይሰባበራል። ይህም ካልሆነ በኢንዶስኮፑ ውስጥ የምታልፍ ሌላ ቀጭን ካሜራ እስከ ሐሞት ቱቦው ውስጥ ትገባለች፤ ጠጠሩ በዓይን እየታየ በሌዘር ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈረካከሳል። ያቺው ካሜራ ከተጠረጠረ ጥበት ላይ እያዩ ናሙና ለመውሰድም ታገለግላለች። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በተለመደው ብሩሽ ፍቆ የሚወሰደው የሕዋስ ናሙና ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ያመልጡታልና። ብሩሹ «ካንሰር አልተገኘም» ሲል «ካንሰር የለም» ማለቱ እንዳልሆነ በሽተኛው ሊነገረው ይገባል።

ጥበት ከሆነ ስቴንት ይቀመጣል። ፕላስቲኩ ርካሽና በቀላሉ የሚወጣ ነው፤ ጠቅላላ ውፍረቱ ግን ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ በወራት ውስጥ በባክቴሪያና በዝቃጭ ይደፈናል። ስለዚህ በሦስት ወር ገደማ መቀየር ወይም መውጣት አለበት። ብረቱ ታጥፎ ይገባና ቱቦው ውስጥ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ዋጋው ግን በብዙ ይበልጣል፤ ሽፋን የሌለው ዓይነት ደግሞ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ስለሚያያዝ ዘወትር ማለት ይቻላል አይወጣም። ስለዚህ ሽፋን የሌለው ብረት በቀዶ ጥገና ሊወገድ በማይችል ካንሰር ላይ ተገቢ ሲሆን፣ ምክንያቱ ባልታወቀ ጥበት ላይ መቀመጥ የለበትም።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት በቀላሉ ሊወገድ የሚችል ጉዳት ነው። ስቴንት የገባለት ሰው በማግሥቱ ይሻለዋል። ማሳከኩ ይተወዋል፣ ዓይኑ ይጠራል፣ ምግብ ይበላል። ወደ አገሩ ይመለሳል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም አልቋል፣ ሕመሙም የለም። ውስጡ ፕላስቲክ እንዳለ የሚያስታውሰው የለም። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ስቴንቱ ተደፍኖ፣ ዙሪያውን አዲስ ጠጠር አጠራቅሞ፣ በትኩሳትና በመንቀጥቀጥ ይመለሳል፤ ለማውጣትም ከመጀመሪያው የባሰ ይከብዳል። ስለዚህ ስቴንት የገባበት ቀን፣ የስቴንቱ ዓይነትና የሚወጣበት ቀን በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ በወረቀት ተጽፎ ሊሰጥ ይገባል። ካልተሰጠ ይጠየቅ። ከባህር ማዶ ስቴንት አስገብተው ለሚመለሱትም ይኸው ነው፤ አውጪው ሌላ ሆስፒታል ስለሚሆን ወረቀቱ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ዋናው የቆሽት መቆጣት ነው። ፓፒላዋ ስትነካካ ታብጣለች፤ ካበጠች የቆሽቱ ጭማቂ መውጫ ያጣል። ከመቶ ታካሚዎች ከሦስት እስከ አሥር በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። አብዛኛው በጥቂት ቀን ፈሳሽና ማስታገሻ ይድናል፤ ጥቂቱ ግን ወራት የሚያስተኛ፣ አልፎ አልፎም የሚገድል ይሆናል። ከዚህ ሌላ ከተቆረጠው ቦታ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ይታያል። አንጀት መበሳት ከዚያም ያነሰ ነው። በደንብ ያልተተነፈሰ ቱቦ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊይዝ ይችላል።

የቆሽቱን አደጋ ለመቀነስ ብዙ መድኃኒት ተሞክሮ ከሸፈ በኋላ የተሳካው በጣም ርካሽ ነገር ሆነ። በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ 602 ሰዎችን ተከታተለ። ኢንዶሜታሲን የተባለው የቆየ የሕመም ማስታገሻ በፊንጢጣ በኩል ከተሰጣቸው መካከል 9.2 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው መካከል ደግሞ 16.9 በመቶው ቆሽታቸው ተቆጣ። ዋጋው ለማንኛውም ሆስፒታል የሚቻል ስለሆነ፣ በኩላሊት ወይም በአለርጂ የሚከለከል ሰው ካልሆነ በቀር የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

አስገራሚው ነገር ቆሽታቸው ይበልጥ የሚቆጣው ሕክምናው ብዙም የማያስፈልጋቸው ሰዎች መሆናቸው ነው፦ ወጣት ሴቶች፣ ቢሊሩቢናቸው ልክ የሆነ፣ ቱቧቸው ያልሰፋ፣ ሆዳቸውን ብቻ የሚያማቸው። በአንድ ወቅት እንዲህ ላሉ ሰዎች ሕመሙ ከጡንቻው ቀለበት ነው እየተባለ ይቆረጥላቸው ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት 214 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዳንዶቹ ጡንቻውን ቆርጦ ለሌሎቹ ሳይቆርጥ አነጻጸረ። የተቆረጠላቸው ካልተቆረጠላቸው የተሻለ አላገኙም። በዚያ ላይ የቆሽት መቆጣት አለ።

ለዚህ ነው «እስቲ ምን እንዳለ እንየው» ተብሎ ኢአርሲፒ ማድረግ ዛሬ ተገቢ ያልሆነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኤምአርሲፒ የሚባል የኤምአርአይ ዓይነት አለ። መርፌም መሣሪያም ወደ ቱቦው ሳይገባ፣ ጨረርም ሳይኖረው የቱቦውን ካርታ ያሳያል። ሌላው በኢንዶስኮፕ ጫፍ ላይ የተተከለ አልትራሳውንድ ነው፤ አንጀት ውስጥ ሆኖ ከጎኑ ያለውን ቱቦና ቆሽት በጣም በቅርብ ስለሚያይ ኤምአርሲፒ የሚያመልጠውን ደቃቅ ጠጠር እንኳ ያገኛል፣ ከዕጢም ናሙና በመርፌ ይወስዳል። በ2002 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ጠጠርን ለማወቅ ሦስቱም ተቀራራቢ መሆናቸውን አረጋገጠ። ተቀራራቢ ከሆኑ አደጋ የሌለበት ይቀድማል። መጀመሪያ ተራ የሆድ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ፣ ጥርጣሬ ከቀረ ኤምአርሲፒ ወይም የውስጥ አልትራሳውንድ፣ የሚከፈት ነገር መኖሩ ሲታወቅ ኢአርሲፒ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኢንፌክሽን ይዞት ለሚንቀጠቀጥ፣ አልትራሳውንዱ የሰፋ ቱቦና ጠጠር ላሳየለት ሰው ግን ኤምአርሲፒ ፍለጋ ቀን ማሳለፍ አይገባም።

ሐኪምዎን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ «ገብታችሁ ምን ልትሠሩልኝ ነው?» የሚለው ይሁን። «ጠጠር ልናወጣ»፣ «ጥበቱን ልናሰፋ»፣ «መግሉን ልናስተነፍስ» የሚል መልስ ሙሉ መልስ ነው። «ለማየት» ከሆነ ግን ሌላ ማያ መንገድ እንደሌለ ደግመው ይጠይቁ።

ቱቦ ተዘግቷል ማለት ሁልጊዜ በኢንዶስኮፒ ይከፈት ማለትም አይደለም። በቆሽት ራስ ካንሰር ቢጫ የሆነና ዕጢው ሊወጣለት የሚችል ሰው፣ ቢጫነቱ መካከለኛ ከሆነና ቀዶ ጥገናው ቶሎ ከሆነ፣ ስቴንት ሳይገባለት ቢሠራ ይሻላል። በሆላንድ 202 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ቀድሞ ስቴንት ከገባላቸው 74 በመቶ፣ በቀጥታ ከተሠራላቸው 39 በመቶ ከባድ ችግር ገጠማቸው። የቀዶ ጥገናው ተራ ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ ወይም ኢንፌክሽን ካለ ነገሩ ይለወጣል። ውሳኔው የኢንዶስኮፒ ሐኪሙና የቀዶ ሐኪሙ አብረው የሚወስኑት መሆን አለበት።

ስለ ንጽሕናም አንድ ነገር። መሣሪያዎቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ያ ትንሽ ማንሻ ከጀርባው ለብሩሽ የማይመች ቦታ አለው። በ2015 በአሜሪካ ሆስፒታሎች በመመሪያው መሠረት ታጥበዋል በተባሉ መሣሪያዎች አማካይነት መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እንደተላለፉ ታወቀ፤ የሞቱም ነበሩ። የአገሪቱ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪም በ2019 ጫፋቸው ተነቅሎ ወደሚጣል መሣሪያዎች ሆስፒታሎች እንዲሸጋገሩ መከረ። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ለማይቻልበት አገር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መሣሪያውን የሚያጥበው ባለሙያ ሥልጠና፣ ጊዜና ውሃ የሐኪሙን እጅ ያህል ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ሽቦው አይገባም። ጨጓራው ቀድሞ በቀዶ ጥገና የተቀየረ ሰው ላይ ፓፒላዋ ራሷ በቀላሉ አትደረስም። ያኔ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታገዙ በቆዳና በጉበት በኩል በመርፌ ገብቶ ሐሞቱን ወደ ውጭ ማፍሰስ ይቻላል። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት በውስጥ አልትራሳውንድ እየመሩ ቱቦውን ወግቶ አዲስ መንገድ መክፈትም አለ፤ ከ2001 ወዲህ የተስፋፋ ነው። ቀዶ ጥገናም ቦታውን አላጣም። ኢአርሲፒ የሚሠራው በጥቂት ሆስፒታሎች በሆነባት አገራችን የጠጠር በሽተኛን ቱቦውን ከፍቶ የሚያጸዳ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ሕይወት ያድናል።

ከሂደቱ በኋላ በሽተኛው እስኪነቃ ይጠበቃል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይሄዳሉ። ጉሮሮ መከርከርና ትንሽ የሆድ መነፋት ይኖራል። ወደ ጀርባ የሚወጋ የማያቋርጥ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ ጥቁር ዓይነ ምድር ወይም ቢጫነቱ መመለስ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ያስፈልጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መቼ እንደሚቀጥል ሳይጠይቅ አይውጣ። የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ይዞ ከተቀመጠ ደግሞ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። ቱቦው ቢጸዳም ጠጠር የምትሠራው ከረጢት እዚያው አለች፤ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ማኅበር ለቀዶ ጥገና ብቁ የሆነ ሰው ከኢአርሲፒ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከረጢቷን እንዲያስወጣ ይመክራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ በእጅ መያዝ ያለባቸው ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው፦ ስቴንት ካለ የሚወጣበት ቀን፣ ከረጢቷ ካለች ደግሞ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር የሚገናኙበት ቀን።